ለልጅ ልጆች ስጦታ ስንት ላውጣ? እኔ ያደረግሁት

ጡረታ ስወጣ መጀመሪያ ያሳሰበኝ የልጅ ልጆቼ ስጦታ ነበር። አምስት ናቸው። ሦስቱ እዚሁ ደሴ፣ ሁለቱ ኮምቦልቻ ይኖራሉ። በዓል ሲመጣ ባዶ እጄን ልያቸው አልወድም። ጡረታው ግን ያው ጡረታ ነው።

ስለዚህ በየወሩ 10 በመቶውን ለእነሱ ለይቼ ማስቀመጥ ጀመርኩ። አስቤዛው፣ መድኃኒቱና የእድሩ መዋጮ አይነካም። ለምሳሌ 5,000 ብር ጡረታ ያለው ሰው በወር 500፣ በዓመት 6,000 ብር ያጠራቅማል። ለአምስት ልጅ ሲካፈል ለእያንዳንዱ 1,200 ይደርሰዋል። ከዚያ በላይ አልወጣም። ለአንድ ልጅ በዓመት አንድ የበዓል ልብስ እገዛለታለሁ፤ የተረፈው ጳጉሜ ላይ ደብተርና ቦርሳ ይሆናል።

የከበደኝ የበዓሉ ነገር ነው። የኮምቦልቻዎቹ አባታቸው ሙስሊም ነው። ወሎ ውስጥ ይሄ ብርቅ አይደለም፣ እኔም እወደዋለሁ። እነሱ የዒድ ልብስ ይጠብቃሉ፤ የደሴዎቹ ደግሞ የፋሲካ። ዒድ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ እየቀደመ ይመጣል። በ2015 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 8፣ ዒድ አልፈጥር ሚያዝያ 13 ዋሉ። አምስት ልብስ በአንድ ሳምንት! የተቀመጠ ገንዘብ ስለነበረኝ የማንንም ደጅ አልጠናሁም። አሁንማ ልብሱን ወር ቀደም ብዬ ነው የምገዛው። የበዓል ሰሞን ዋጋው አይቀመስም።

ከሁሉም የጠቀመኝ ግን ከሌላኛዋ አያታቸው ጋር መነጋገሬ ነው። ነጋዴ ናቸው፤ አቅማቸው ከኔ ይሻላል። ልጆቹ የእሳቸውንና የኔን እያነጻጸሩ እንዲያድጉ አልፈለግሁም። ቤታቸው ሄጄ፣ ቡና እየጠጣን ያለኝን በግልጽ ነገርኳቸው። «አብሽሩ! ጫማው በኔ ይሁን፤ ልብሱን እርስዎ ያልብሷቸው» አሉኝ። ይኸው እስከ ዛሬ እንደዚያው ነው። የልጅ ልጅ ያላችሁ ሁሉ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ንግግር ብታስቀድሙ ደስ ይለኛል።

ወላጆቹንም ሳልጠይቅ አልገዛም። ደሴ ላይ ወፍራም ሹራብ ነፍስ ነው። ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ግን ሙቀቱ አያስለብሳችሁም።

ትልቋ 15 ዓመት ሞልቷታል፤ ልብሷን ራሷ መምረጥ ትፈልጋለች። ለእሷ ብሩን እሰጣታለሁ። ከእናቷ ጋር ፒያሳ ወጥታ፣ ሰኞ ገበያም ዞራ፣ ተከራክራ ትገዛለች። የተረፋትን እናቷ በስሟ ባስከፈተችላት የባንክ ሒሳብ ታስገባለች። ታናናሾቿ ይህን አይተው «እማዬ፣ ለእኛም ብሩን ስጪን» እያሉኝ ነው። 12 ዓመት ሲሞላቸው እንደምሰጣቸው ነግሬያቸዋለሁ። እስከዚያው ልብሱን እኔ እመርጣለሁ።