የሩብ ሰዓቱ ስብሰባ

የማተሚያ ቤታችን ትዕዛዝ እየሳሳ ሄዶ ሁለተኛው ፈረቃ በታጠፈበት፣ ትርፍ ሰዓትም ቦነስም በቀረበት ሰሞን ዳይሬክተራችን ጠሩኝና፣ የሠራተኛው ሞራል ወድቋልና ሰብስበህ አነቃቃው አሉኝ። በወቅቱ የምርት ክፍል ኃላፊ ነበርሁ። ስለ ገንዘብ አንድም ቁጥር ከአፌ እንዳይወጣ በጥብቅ አስጠነቀቁኝ። በዚያው ጠዋት የሂሳብ ክፍሉን ሰንጠረዥ አይቼ ስለነበር፣ በእጃችን ያለው ሥራ ከሦስት ወር በላይ እንደማያስኬደን፣ እሱም ቢሆን ደንበኞች ዕዳቸውን በወቅቱ ከከፈሉ ብቻ መሆኑን አውቅ ነበር።

ስብሰባውን በኦፍሴት ማሽኖቹ መካከል አደረግሁት። አንድ ቤተሰብ መሆናችንን፣ ጥራታችን እስካልጓደለ ድረስ ደንበኛ እንደማይርቀን ተናገርሁ። ስጨርስ ከጥረዛ ክፍል አንድ አንጋፋ ሠራተኛ እጃቸውን አወጡ። «አለቃ፣ አሁን ያለው ሥራ ስንት ወር ያደርሰናል?» አሉ። በድምፃቸው ቁጣ አልነበረም፤ ወረቀት ከመቁረጣቸው በፊት ልኩን ሲጠይቁ እንደሚያደርጉት ነበር የጠየቁኝ። እኔም፣ «ጋሼ፣ እሱን ለማኔጅመንቱ እንተውለት፤ እኛ ሥራችን ላይ እናተኩር» አልኋቸው። ጥቂት አዩኝና «ገባኝ» ብለው፣ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው ወደ ጠረጴዛቸው ተመለሱ። ይህች «ገባኝ» ለብዙ ሌሊት እንቅልፍ ነስታኛለች። ጥያቄያቸውን አልመለስሁምና የገባቸው ነገር ከቃሌ የመጣ ሊሆን አይችልም፤ ከፊቴ ነው ያነበቡት። ሁሉም የተሰበሰበው ሰው ያንኑ አነበበ።

ከዚያ በኋላ ማንም አላመፀም፤ ማንም አርፍዶ አልገባም። ነገር ግን ቀድሞ ፕሌት ላይ፣ ማለትም የሚታተመው ነገር በሠፈረበት ስስ ብረት ላይ፣ ጭረት ሲያይ ማሽኑን አቁሞ ይጠራኝ የነበረ ሰው አሁን ዝም ብሎ ያትም ጀመር፤ በብክነት መዝገቡ ላይ የተበላሸው ሉህ በየሳምንቱ ጨመረ። ለመድን ግምት የመጣ ባለሙያ ማሽኖቹን ሲመለከት በመታየቱ ድርጅቱ ሊሸጥ ነው የሚል ወሬ በአንድ ቀን ተዳረሰ። መጋዘን ውስጥ የቀረውን ወረቀት ቆጥረው፣ ስንት ጊዜ እንደቀራቸው በራሳቸው ያሰሉ እንደነበርም ኋላ ላይ ሰማሁ። እኔ የነፈግኋቸውን ቁጥር ነበር የሚፈልጉት፤ የደረሱበትም ስሌት ከእውነቱ የከፋ ነበር። የመጀመሪያው ዙር ቅነሳ ሲመጣ ደብዳቤው በሥራ መውጫ ሰዓት ታደለ። ያ ጥያቄ የጠየቁኝ ሰው ከተቀነሱት አንዱ ነበሩ።

ጄራልድ ግሪንበርግ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳተመውን ጥናት ያነበብሁት ከዚያ በኋላ ነው። ትልልቅ ውሎችን ያጣ አንድ ኩባንያ በሁለት ፋብሪካዎቹ የሠራተኛውን ደመወዝ ለ10 ሳምንት በ15 በመቶ ቀነሰ። በአንደኛው ፋብሪካ ኃላፊዎቹ ምክንያቱን በዝርዝር እያሳዩ፣ ማዘናቸውንም ሳይደብቁ፣ ጥያቄ እየመለሱ 90 ደቂቃ ያህል አስረዱ። በሌላው ግን ጉዳዩ በ15 ደቂቃ ተነግሮ አለቀ። የቅነሳው መጠን አንድ ሆኖ ሳለ ሠራተኛው ከኩባንያው የሚሰርቀው እጅግ የበዛው በዚህኛው ፋብሪካ ነበር። 15 ደቂቃ የሚለውን ሳነብ የራሴን ስብሰባ አሰብሁ፤ ከሩብ ሰዓት አይበልጥም ነበር። የእኛ ሰዎች ምንም አልሰረቁም። ትጋታቸውን ግን መልሰው ወስደውታል፤ በዚህም አልፈርድባቸውም።

ሁለተኛው ዙር ቅነሳ ሲታሰብ ቁጥሮቹን ለሠራተኛው ላሳይ ብዬ ዳይሬክተሩን ጠየቅሁ። «ቁጥሩን ያየ ሰው በማግሥቱ ሥራ ፍለጋ ይወጣል» አሉኝ። ኃላፊነቱን እኔው እንድወስድ ካስፈረሙኝ በኋላ ግን ፈቀዱ። በዚህኛው ስብሰባ የትዕዛዙን ዝርዝር፣ ያልተሰበሰበውን ሂሳብና የቀረንን ጊዜ በሰሌዳ ላይ ጻፍሁ። እ.ኤ.አ. በ2009 በጀርመን ብዙ ኩባንያዎች ሠራተኛ ከመበተን ይልቅ የሥራ ሰዓት ሲያሳጥሩ፣ ከጎደለው ደመወዝ ከፊሉን የሚተካው የሥራ አጥነት መድኑ ነበር። ለእኛ የሚተካልን አልነበረም፤ ይህንንም ሳልሸሽግ፣ ሁላችንም የሳምንት አንድ ቀን ሥራና ደመወዝ ብንተው ሰው ሳይቀነስ ልንቆይ እንችላለን ብዬ አቀረብሁ። አንድ የጥረዛ ሠራተኛ ተነሥቶ፣ «ይህ ያን ጊዜም ይታወቅ ነበር?» አለኝ። «አዎ፣ አውቅ ነበር» አልሁት። በዚያ ስብሰባ የተናገርሁት ከባዱ ቃል ይኸው ነበር። ዝምታው ረዘመ። ከዚያ የፕሌት ክፍሉ ሰው፣ ደንበኛ የሙከራ ኅትመቱን አይቶ ሳይፈርም ፕሌት ባይሠራ ምን ያህል እንደሚተርፍ ማስረዳት ጀመረ፤ ሌሎችም ተከተሉት፤ ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጥን።

የስምምነቱን ወረቀት መጀመሪያ የፈረምሁት እኔ ነበርሁ። ወረቀቱ ሁሉም ፈርሞበት ወደ ላይ ሄዶ ሲመለስ አንድ መስመር ባዶ ነበር። ሠራተኛው አየው፤ የማን መስመር እንደሆነ መናገር አላስፈለገም። ይህም ሆኖ ብክነቱ ቀነሰ፣ ማሽን አቁመው ይጠሩኝም ጀመር። ይሁን እንጂ በአሥረኛው ቀን ከሁሉ የላቀው የማሽን ባለሙያችን የመልቀቂያ ደብዳቤ ይዞ መጣ። ዳይሬክተሩ «አልነገርሁህም?» አሉኝ። በዚህ ረገድ ትክክል ነበሩ፤ ሰውየው ራሱ ቁጥሩን አይቶ እንደወሰነ ነግሮኛል። የማስጠንቀቂያ ወሩን በሙሉ ግን ረዳቱን ሲያስተምር፣ ለእያንዳንዱ ማሽን ባሕርይ በእጁ ማስታወሻ ሲጽፍ ነው ያሳለፈው። ያለ እሱ በዋለው የመጀመሪያ ቀን ረዳቱ ባለ አራት ቀለሙን ሥራ አንድም ቀለም ሳይዛነፍ አወጣ።

ሥራው ሲያገግም መጀመሪያ የደወልሁት ለእኚያ የጥረዛ ሰው ነበር። ይመለሱ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «አሁንስ ስንት ወር አለን?» አሉኝ። «የተፈረመው የስድስት ወር ሥራ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ላረጋግጥልዎ አልችልም፤ ያን ጊዜም ሦስት ወር እንደቀረን እያወቅሁ ነበር የደበቅሁዎ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኋቸው። ትንሽ ዝም ካሉ በኋላ፣ የመቁረጫው ቢላዋ ተስሎ እንደሆነ ጠየቁኝ። አልተሳለም ነበር፤ ያንንም ነገርኋቸው።