መጀመሪያ ፑልፒቱን ፈልጉ

ሰላም ጓዶች፣ እንዴት ሰነበታችሁ? የቆዩ የሉተራን (የማርቲን ሉተርን ትምህርት የሚከተሉ ፕሮቴስታንቶች) ቤተ ክርስቲያኖችን እየዞሩ ማየትና ፕላናቸውን በእጅ መሳል ከያዝኩ ቆይቻለሁ። «እስካሁን ምን አገኘህበት?» ላላችሁኝ የደረስኩበትን ላካፍላችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ አንድ ልማድ ነው፤ እንደገባሁ ፑልፒቱን፣ ማለትም ሰባኪው ወጥቶ የሚሰብክበትን ከፍ ያለ ቦታ፣ መፈለግ። ማማውም ጣሪያውም ይቆዩ። ሰባኪው የት ነው የሚቆመው? ሕዝቡስ ከየት ከየት ሆኖ ያየዋል? ይሄ ከተያዘ ብዙው ነገር ይፈታል። ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ እያለ ላደገ ዓይን ደግሞ ይህ ልማድ የግድ ነው። እኛ ዘንድ ወደ ውስጥ በገባህ ቁጥር የሚገባው ሰው እያነሰ ይሄዳል። የሉተራኖቹ አዲስ ሕንፃ ግን አንድ አዳራሽ ነው። ጥያቄው ማን ይገባል ሳይሆን ማን ይሰማል ነው።

«አዲስ» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙው የቆየ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ከካቶሊክ ዘመን የተወረሰ ነው። ስለዚህ ሐሳባቸውን ጥርት አድርጎ ለማየት ራሳቸው ከመሠረቱ ያሠሩትን መፈለግ ይሻላል። እኔ ለጀማሪ የምመክረው ጀርመን ውስጥ ያለችውን የቶርጋው ከተማን ነው። ከላይፕዚግ ሩቅ አይደለም። በሃርተንፌልስ ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለው ጸሎት ቤት ለፕሮቴስታንት አምልኮ ተብለው ከተሠሩት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው፤ የመጀመሪያው ነው የሚሉም ብዙ ናቸው። በ1544 ጥቅምት 5 ቀን መርቆ የከፈተው ማርቲን ሉተር ራሱ ነው። እዚህ ቤት ውስጥ ጌታ በቃሉ ይናገረናል፣ እኛም በጸሎትና በምስጋና እንመልስለታለን፣ ሌላ ነገር አይደረግበትም የሚል ነበር የስብከቱ መንፈስ።

ሕንፃውን የነደፈው ኒከል ግሮማን ይህን ሐሳብ እንዳለ ነው ወደ ሕንፃ የቀየረው። ክፍሉ ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን ነው። ዙሪያውን ሁለት ደርብ ሰገነት ይዞረዋል። ፑልፒቱ ዳር ላይ አይደለም፤ በረጅሙ ግድግዳ መሐል ላይ ነው የተሰቀለው። ከሁሉም መቀመጫ ወደ ፑልፒቱ መስመር አሰመርኩ። ወረቀቴ ላይ መስመሮቹ ሲሰባሰቡ ያኔ ነው ሕንፃው የገባኝ። ከግቢው ሲታይማ ቤተ ክርስቲያን መሆኑም አያስታውቅም። የተቀረጸው በር ባይኖር አልፋችሁት ትሄዳላችሁ።

አንድ ነገር በመንገድ ላይ ላንሳ። እኛ አገር «ፕሮቴስታንት ሥዕል አይወድም» የሚል ወሬ አለ። ስለ ሉተራን ከሆነ አይሠራም። ጀርመን ኑርንበርግ ያለው የቅዱስ ሎሬንዝ ቤተ ክርስቲያን በ1525 ሉተራን ሆነ፤ ፋይት ሽቶስ ከእንጨት የቀረጸው የብስራት ሐውልት ግን ዛሬም እዚያው ከጣሪያው ተንጠልጥሎ አለ። ሉተር በኖረባት በዊተንበርግ የከተማው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ደግሞ የሠዓሊው ክራናኽ የሥዕል ቤት የሠራው የ1547 መሠዊያ አለ። የታችኛው ሥዕል ላይ ሉተር ፑልፒት ላይ ቆሞ፣ በሌላው ጫፍ ሕዝቡ፣ መሐል ላይ የተሰቀለው ክርስቶስ። የሕንፃውን ፕላን በሥዕል ማለት ይህ ነው። ዊተንበርግን ካነሳን፣ ኢትዮጵያዊው ዲያቆን ሚካኤል በ1534 እዚያች ከተማ ሄዶ ከሉተር ጋር መነጋገሩን የማያውቅ ካለ ይወቅ። ሉተር የድጋፍ ደብዳቤም ጽፎለታል። እኔ ከተማዋን ስዞር ከቤተ ክርስቲያኖቹ እኩል እሱን ሳስብ ነበር።

አሁን ወደምወደው ልምጣ፤ ፖላንድ ያሉት «የሰላም ቤተ ክርስቲያኖች»። የሠላሳ ዓመቱ ጦርነት በ1648 ሲያበቃ ሲሌዥያ (ዛሬ አብዛኛዋ ፖላንድ ውስጥ ያለች አካባቢ) በካቶሊኩ ንጉሠ ነገሥት እጅ ነበረች። ለሉተራኖቹ ሦስት ቤተ ክርስቲያን ብቻ ተፈቀደላቸው። ፈቃዱ ግን ጉድ ነው። ከከተማው ቅጥር ውጭ ይሁን። ድንጋይና ጡብ አይነካ። ማማ የለም፣ ደወል የለም። በአንድ ዓመት ይለቅ። የተተወላቸው እንጨት፣ ጭቃና ጭድ ነው።

እኛ ይሄን ስንሰማ ወዲያው ይገባናል፤ የእናቶቻችን ጭቃ ቤት ማለት ነው፣ ቋሚና ማገር፣ ከዚያ ምርጊት። ልዩነቱ ከሦስቱ አንዱ በቆመባት በሽቪድኒጻ ከተማ ያሉት ሰዎች በ1656 ጀምረው በዚህ ዕቃ ለ7,500 ሰው የሚሆን ቤት ማቆማቸው ነው። የያቮሩ ከእሱ ቀድሞ አልቋል፤ አራት ደርብ ሰገነት አለው፣ በሰገነቶቹ መከታ ላይ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ በሥዕል ተደርድሯል። ሦስተኛው፣ የግሎጋው፣ በ1758 ተቃጠለ። የቀሩት ሁለቱ በ2001 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ወደ ጎን መስፋትና ወደ ላይ መደረብ ብቻ ነበር የቀራቸው፣ እሱንም እስከ ጥግ ሄዱበት። ከውጭ ምስኪን ይመስላል። በሩን ስትከፍቱ ግን ወርቁ፣ ቀለሙ፣ የእያንዳንዱ ቤተሰብና የሙያ ማኅበር መቀመጫ… እኔ በበኩሌ ከድንጋይ ካቴድራሎች ሁሉ አስበልጠዋለሁ።

ጀርመን ድሬስደን ከተማ ያለውን ፍራውንኪርኸ የተባለ ቤተ ክርስቲያን ብዙዎቻችሁ ስለምታውቁት አላረዝምም። ጌኦርግ ቤር የነደፈው ክብ አዳራሽ ከድንጋይ ጉልላት በታች፣ በ1743 ያለቀ፣ በየካቲት 1945 ከተማዋ በጦርነቱ በቦምብ ከተደበደበች በኋላ የፈረሰ፣ በ2005 እንደገና የተከፈተ። ግድግዳው ላይ የሚታዩት ጥቁር ድንጋዮች የቀድሞዎቹ ናቸው። ብዙ ሰው ጥቁረቱን የቃጠሎ ጥላሸት ያደርገዋል። ዋናው ምክንያት ግን የኤልበ አሸዋ ድንጋይ በዕድሜ ራሱ መጥቆሩ ነው። አዲሶቹም ቀስ በቀስ ይጠቁራሉ።

ለመሳል ለምትፈልጉ፦ ሜትር አያስፈልግም፣ በእርምጃ ለኩ። ወርዱንና ርዝመቱን ከያዛችሁ የቀረው ቋሚ መቁጠር ነው። ከተፈቀደ ሰገነት ላይ ወጥታችሁ ተቀመጡ፤ ከታች የተሳለ ፕላን ግማሽ ነው። ደግሞ እሑድ ሂዱ። ባዶ አዳራሽ ድምፅ ያስተጋባል፤ ሰው ሲሞላው ቃሉ ጥርት ብሎ ይሰማል። ያን በማክሰኞ ጉብኝት አታገኙትም።

ቀጥዬ ላየው ያሰብኩት ጀርመን ውስጥ ፍሮይደንሽታት ከተማ ያለውን ነው። ሃይንሪሽ ሺክሃርት ከ1601 እስከ 1608 የሠራው፣ በአደባባዩ ጥግ ላይ ታጥፎ የቆመ ቤተ ክርስቲያን። ወንዶች በአንዱ ክንፍ፣ ሴቶች በሌላው፤ እርስ በርስ አይተያዩም፣ ሰባኪውን ግን ሁለቱም ያያሉ። በ1945 ተቃጥሎ እንደገና ነው የተሠራው። ያየ ሰው ካለ ፎቶ ይላክልኝ፣ በተለይ ሁለቱ ክንፎች ከሚገናኙበት ጥግ የተነሳ።