የራምፕ ቡድን መሪነት፦ የስድስት ወር ማስታወሻ

በአየር ማረፊያ ራምፕ፣ ማለትም አውሮፕላን ቆሞ በሚጫንበትና በሚራገፍበት ሜዳ ላይ፣ ከሻንጣ ጫኝነት ወደ ቡድን መሪነት ከተዛወርኩ ስድስት ወር ሞላኝ። በዚሁ ሥራ ላይ ላላችሁና ልትጀምሩ ላሰባችሁ፣ እስካሁን የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት መሪ ተብዬም ሻንጣ ስሸከም ነው ያሳለፍኩት። ሰዓት ሲጠብ ዘልዬ ጭነት ክፍል ውስጥ እገባለሁ፤ ቡድኑን የረዳሁ ይመስለኝ ነበር። እዚያ ውስጥ ለተንበረከከ ሰው ግን ከፊቱ ካለው ሻንጣ ሌላ የሚታየው ነገር የለም። አንድ ቀን ብቅ ስል፣ ነዳጅ እየቀዳ ባለው ቦቴ ፊት ለፊት ባዶ ጋሪዎች ተደርድረው አገኘሁ። ቦቴው አደጋ ቢነሳ ወደ ፊት በቀጥታ መውጣት አለበት። ማየት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ከክንፉ ጫፍ ራቅ ብዬ፣ ሁሉንም ማየት ከምችልበት ቦታ ላይ እቆማለሁ። እጅን አጣጥፎ መቆም እንዲህ ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር።

በሦስተኛው ወር አቀባበሉ ላይ አተኮርኩ። አውሮፕላኑ ቆመ ማለት ሞተሩ ቆመ ማለት አይደለም፤ በዝቅተኛ ኃይል የሚዞር ሞተርም ሰው ይስባል። ስለዚህ ብልጭ ድርግም የሚለው ቀይ መብራት እስኪጠፋ ድረስ እጄን ከፍ አድርጌ ሁሉንም አስቆማለሁ። ሲራገፍም ቅደም ተከተሉን እከታተላለሁ፦ የኋላው ሳይነካ የፊቱ ብቻ ከወረደ ጅራቱ ይከብድና አፍንጫው ሊነሳ ይችላል።

ከሁሉ በላይ የለወጠኝ ግን የአምስተኛው ወር ጉዳይ ነው። አንድ ወጣት ባልደረባችን ፊቱ ገርጥቶ መጣና «የሻንጣ መጫኛው ጫፍ በሩ አጠገብ ነካው መሰለኝ» አለኝ። ሄጄ አየሁ፤ በጣቴም ዳሰስኩት፤ ምንም የለም። ነገር ግን አውሮፕላኑ ቦይንግ 787 ነበር። የመዋቅሩ ክብደት ግማሽ ያህሉ በካርቦን ፋይበር ከተጠናከረ ፕላስቲክና መሰል ቁሶች የተሠራ ነው፤ እንዲህ ያለ አካል ሲመታ ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ ሊሰነጠቅ ይችላል። ቴክኒሻን አስጠራሁ፣ በረራው ዘገየ፣ ምርመራውም ጉዳት አለመኖሩን አረጋገጠ። የዚያን ዕለት ፈረቃ ሲያበቃ ልጁን በሁሉም ፊት አመሰገንኩት። ተቆጥቼው ቢሆን ኖሮ ቀጣዩ ሰው ዝም ይል ነበር። ከዚያ በኋላ ሦስት ሰዎች በራሳቸው ፈቃድ መጥተው ስህተታቸውን ነግረውኛል፤ ከስድስቱ ወራት የምኮራው በዚህ ነው።

አሁን የምለማመደው አውሮፕላን ወደ ኋላ ገፍቶ ማስወጣትን ለሁለት ባልደረቦች ማስተማር ነው። የአፍንጫ ጎማውን መሪ የሚያላቅቀውን ፒን ነቅለው፣ ቀይ ጥብጣቡን ከፍ አድርገው ለአብራሪው እንዲያሳዩና እስኪመልስላቸው እንዲጠብቁ እነግራቸዋለሁ። አንደኛው አሁንም ይቸኩላል፤ ነገ ጠዋት ከጎኑ ቆሜ እንደገና እንሞክረዋለን።