የሶሪት ቀለም ሳሎን ውስጥ

በመስከረም አደይ አበባ ሜዳውን ሲያለብሰው ብዙ ሰው ሳሎኑን ቢጫ ማድረግ ያምረዋል። አበባውን የሚመስል ቢጫ ይመርጥና አራቱንም ግድግዳ ያስቀባል። ቀለሙ ሲደርቅ ክፍሉ ዓይን ይወጋል፤ እዚያ የተቀመጠ ሰው ፊትም የታመመ ይመስላል። አደይን ሜዳ ላይ የሚያሳምራት ከሥሯና ከዙሪያዋ ያለው አረንጓዴ ነው፤ ሳሎኑ ውስጥ ግን ቢጫው ብቻውን መጣ። በዚያ ላይ አራት ቢጫ ግድግዳዎች ብርሃኑን እርስ በርስ እየተቀባበሉ ስለሚመልሱት ቀለሙ ናሙናው ላይ ከታየው በጣም ደምቆ ይወጣል።

ስለዚህ ከተፈጥሮ ስትቀዱ መጠኑንም አብራችሁ ቅዱ። ለዚህ ሶሪት ከምትባለው ወፍ የተሻለች አስተማሪ ያለች አይመስለኝም። ጥድና ዝግባ ባለበት የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ፣ ትልልቅ ዛፍ ባላቸው ግቢዎችም ትገኛለች። ስትቀመጥ አረንጓዴ ናት፤ ክንፏና ጅራቷ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ያደላል፤ ዓይኗ አጠገብ ነጭ ምልክት አለ፤ ምንቃሯ ቀይ ነው። ስትበር ግን ተደብቆ የነበረ ደማቅ ቀይ ከክንፏ ሥር ይከፈታል። ቀዩም አረንጓዴውም መዳብ ካለበት የላባ ቀለም የሚመጣ ነው። የብዙ ወፎች አረንጓዴ ግን ከላባው አሠራርና ከብርሃኑ መሰባበር ጭምር ነው የሚፈጠረው። የአበባ ማር የሚመጥጡት ትናንሽ ወፎች ላይ የሚታየውን፣ ሲዞሩ የሚለዋወጠውን ብልጭታ በተራ የግድግዳ ቀለም ማምጣት አይቻልም። እሱን የምትፈልጉ ከሆነ የሚያብረቀርቅ ጨርቅ ወይም ብርጭቆማ ቅብ ያለው የሸክላ ዕቃ ፈልጉ። የሶሪትን አረንጓዴ ግን ማት የሆነ፣ የማያብለጨልጭ ቀለም በደንብ ይይዘዋል።

የየቀለሙን መጠን ለማወቅ የወፏን ፎቶ አሳትማችሁ በማስመሪያ 10 በ10፣ ማለትም 100 ካሬ አስምሩበት። ወፏ ላይ ያረፉትን ካሬዎች ብቻ ቁጠሩ። አንድ ካሬ ውስጥ ሁለት ቀለም ካለ ከግማሽ በላይ ለያዘው ስጡት። ወፏ 40 ካሬ ይዛ 26ቱ አረንጓዴ ከሆኑ አረንጓዴው 65 ከመቶ ነው። አደይ ከሆነች ግን ዙሪያዋን ያለውን ሣርም ቁጠሩ፤ ያለ እሱ ቁጥሩ አይረባም። ፎቶውን ራሳችሁ የምታነሱ ከሆነ በደመና ወይም በጥላ አንሱ፤ የቀትር ፀሐይ ደማቁን ያነጣና ጥላውን ያጠቁረዋል።

ከዚያ ትልቁን ድርሻ ለግድግዳው፣ መካከለኛውን ለሶፋው፣ ለመጋረጃውና ለምንጣፉ፣ ጥቂቱን ለትናንሽ ነገሮች ስጡ። ለሶሪት ሳሎን ግድግዳው አረንጓዴ ይሁን፤ ግን የላባውን አረንጓዴ እንዳለ አትውሰዱ። ቀለም በጥባጩ ነጭና ጥቂት ግራጫ እንዲጨምርበት ጠይቁ፤ ግድግዳው ላይ ሲሰፋ ራሱ ይጠነክራል። ጥቁር ሰማያዊው ምንጣፉ ላይ ወይም ሶፋው ላይ ያምራል። ነጩ በጣም ቀጭን መሆን አለበት፤ የበር ክፈፍና የመብራት ሽፋን ይበቃዋል። ጭላዳም ተመሳሳይ ነገር ያሳያል፤ ያ ሁሉ ቡናማ ጸጉር ደረቱ ላይ ያለችውን አንዲት ቀይ ቦታ ከሩቅ ያስጠራታል።

ናሙና ሳትሞክሩ ሙሉውን ቀለም አትግዙ። 50 በ70 ሳንቲሜትር የሆነ ነጭ ካርቶን ሁለት ጊዜ ቀቡ፤ ጠርዙን ሦስት ጣት ያህል ነጭ ተዉት፤ ያለበለዚያ የድሮው ግድግዳ ቀለም ዓይናችሁን ያታልላል። ሲደርቅ ትንሽ ስለሚጠቁር በእርጥቡ አትፍረዱ። ካርቶኑን ከግድግዳ ግድግዳ እያዛወራችሁ ጠዋት 2 ሰዓት፣ ከቀኑ 7 ሰዓትና ማታ አምፖል አብርታችሁ እዩት። አዲስ አበባ ላይ ወደ ደቡብ የዞረ መስኮት በበጋ ወራት ቀጥታ ፀሐይ ያገኛል። ወደ ሰሜን የዞረው የሚያገኘው ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ አካባቢ ነው፤ ከዚያም አብዛኛውን የክረምት ደመና ይወስድበታል። ስለዚህ በሰሜን ክፍል ግራጫ የበዛበት አረንጓዴ ይቀዘቅዛል፤ ጥቂት ቢጫ ያስፈልገዋል። ማታ ደግሞ 6500 ኬልቪን (የብርሃኑን ቀለም የሚነግር ቁጥር ነው) የተጻፈበት አምፖል አረንጓዴውን ሆስፒታል ያስመስለዋል። 2700 ወይም 3000 የሚለውን ግዙ፤ ለመሶብና ለሰፌድም የሚስማማው እሱ ነው።

የሚገዛው ቀለም ልክ ይህን ይመስላል። 4 በ3.5 ሜትር የሆነ፣ ከፍታው 2.6 ሜትር የሆነ ክፍል የግድግዳው ስፋት 39 ካሬ ሜትር ነው። በርና መስኮት ሲቀነስ ወደ 35 ይወርዳል፤ ሁለት ዙር ሲቀባ 70። አንድ ሊትር 10 ካሬ ሜትር ገደማ ስለሚሸፍን 7 ሊትር ይበቃል፤ አንድ ሊትር ለማስተካከያ ጨምሩ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አስበጥብጡ፤ በሌላ ቀን የተበጠበጠ ቀለም በትክክል አይገጥምም። አዲስ የሲሚንቶ ልስን ከሆነ ደግሞ ቢያንስ አራት ሳምንት ጠብቁ። ልስኑ ውስጥ ያለው አልካሊ የሚባል ኬሚካል ከእርጥበቱ ጋር ሲወጣ ቀለሙን ያነጣል፣ ይልጠዋል፤ ሰዎች ቀለሙን ይወቅሳሉ እንጂ ጥፋቱ የችኮላው ነው።

ቀዩ ቀረ። ምንቃሯን ለመምሰል አንድ ሁለት ትራስ ይበቃል፤ የክንፏ ቀይ ግን መደበቅ አለበት፤ ውበቱ ሲከፈት መታየቱ ነው። የቁም ሳጥን ወይም የብርጭቆ መደርደሪያ ውስጡን ቀቡት፤ በሩ ሲከፈት ብቻ ብቅ ይላል። መጋረጃ የምታሰፉ ከሆነም ገበሩን ቀይ ማድረግ ይቻላል። ቀይ ቀለም የመሸፈን አቅሙ ደካማ ስለሆነ ነጭ ላይ በቀጥታ ከተቀባ ሮለሩ የሄደበት መስመር እየታየ አራት አምስት ዙር ይጠይቃል። እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱና በመጀመሪያ መካከለኛ ግራጫ ቀቡት፤ በላዩ ሁለት ወይም ሦስት ዙር ቀይ ይበቃዋል። በዙሮቹ መካከል በበጋ አራት ሰዓት ያህል፣ በክረምት እስከ ማግስቱ አቆዩት። ዕቃ የሚደረደርበት ስለሆነም መጨረሻ ላይ ከሳምንት በፊት ምንም አታስቀምጡበት፤ ሳይጠነክር ከተጫነው ብርጭቆው ይጣበቅና ሲነሳ ቀለሙን ይዞ ይላቀቃል።