እንኳን አደረሳችሁ፣ ከድሬ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ! በዓሉን ከእኛ ጋር ለምትውሉ ሙስሊም ጎረቤቶቼና ጓደኞቼም፣ እንኳን አብሮ አደረሰን።

ይህን የምጽፍላችሁ በዋዜማው ምሽት ነው። ግቢያችን ውስጥ ኒሟ ሥር ወንበር አውጥቼ ተቀምጫለሁ። ሽንኩርቱ ከቀትር ጀምሮ እየተቁላላ ነው፤ እናቴ ወደ ድስቱ ማንንም አታስጠጋም። ድሬ በዚህ ሰሞን ታምራለች። ሐሩሩ ጋብ ብሏል፣ ማታ ማታ ነጠላ ደረብ ማድረግ ያምራል፣ ከቁልቢ ገብርኤል ንግሥ የቀሩ እንግዶች ገና በየሆቴሉና በየዘመዱ ቤት አሉ። ከታህሳስ 19 እስከ 29 ያሉት አሥር ቀናት ለእኔ ከዓመቱ ሁሉ ይበልጣሉ።

ሌላ ጊዜ በዚህ ቀን ሁለት መስመር ሰላምታ ልኬ ነበር የምሄደው። ዘንድሮ ግን ረዘም ላድርገው፤ የቆየብኝ ነገር አለ።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ስለ ድሬ እጽፋለሁ። አራት ዓመት ሞላኝ። ስጀምር ሐሳቤ አንድ ነበር፤ የምናገረው አለኝ፣ ሰው ይስማኝ። የከተማዬ ስም በተነሳ ቁጥር ስለ ሙቀቷና ስለ ገበያዋ ብቻ ሲወራ ሆዴን ይበላኝ ነበር። ቆይ እኔ ልንገራችሁ ብዬ ተነሳሁ። ነገርኳችሁም። እናንተም ሰማችሁኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን በእነዚህ አራት ዓመታት ከተናገርኩት ይልቅ የተነገረኝ ይበዛል። ይህን ጨርሶ አልጠበቅኩትም ነበር።

ከአባቴ ልጀምር።

አባቴ ሸመንደፈር ነበር የሚሠራው። ለልጆቹ ልንገራቸው፤ የምድር ባቡሩን በፈረንሳይኛ ስሙ ነው የድሮ ሰዎች የሚጠሩት፣ የአዲስ አበባው ለገሃርም ከዚያው ቋንቋ የመጣ ነው። ጉልበቱ ባለበት ዕድሜ ሁሉ ወርክሾፕ ውስጥ ነው ያሳለፈው፣ በብረትና በግሪስ መሐል። ጡረታ ወጣ። ከዚያ በኋላ ስለ ሥራው አንድ ቀን አውርቶን አያውቅም። እኛም ጠይቀነው አናውቅም። ማታ ሬዲዮ ይከፍታል፣ ዜና ያዳምጣል፣ ይተኛል። በቃ ዝምተኛ ሰው ነው ብለን ተቀብለነው ነበር።

በመጀመሪያው ዓመት ስለ ባቡር ጣቢያው ጻፍኩ። አንብቤ ያገኘሁትን ነው የደረደርኩት። ሐዲዱ ከጂቡቲ ተነስቶ እዚህ የደረሰው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1902 መሆኑን፣ መጀመሪያ ሐረር ሊገባ ታስቦ እንደነበር፣ ተራራው እምቢ ስላለና ወጪው ስለከበደ ከተራራው ሥር ሜዳው ላይ ጣቢያ እንደተተከለ፣ አዲሱ ሰፈርም አዲስ ሐረር ተብሎ እንደነበር፣ ከዚህ ተነስቶ አዲስ አበባ እስኪገባ ደግሞ እስከ 1917 እንደቆየ። ደንገጎን በመኪና ወጥታችሁ የምታውቁ፣ ሐዲዱ ለምን እንደፈራው ይገባችኋል። መጨረሻ ላይ ሳሎናችን ስለተሰቀለ አንድ ፎቶ ጨመርኩ። አባቴ በወጣትነቱ፣ ቱታ ለብሶ፣ «ከባቡር አጠገብ ቆሞ» አልኩ።

በማግሥቱ እሁድ ቁርስ ላይ አንድ የታጠፈ ወረቀት አጠገቤ አስቀመጠ። ለካ ታናሽ ወንድሜን አሳትመህ አምጣልኝ ብሎት ኖሯል። ገለጥኩት። በሰማያዊ እስክሪብቶ አንድ ቃል ሥር ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ቃሉ «ባቡር» ነው። ከጎኑ፣ በዚያ ቀጥ ባለ የእጅ ጽሑፉ፣ «ሊቶሪና» ተብሎ ተጽፏል።

«ባቡርና ሊቶሪናን ምን አገናኛቸው?» አለኝ። «ባቡሩን ሎኮሞቲቭ ይጎትተዋል። ሊቶሪና ሞተሩ ከራሱ ጋር ነው፣ ጎታች አይፈልግም። ይህን ሳታውቂ ስለ ሸመንደፈር እንዴት ትጽፊያለሽ?»

«አላወቅኩማ አባዬ። ንገረኝ።»

ነገረኝ። ፈጢራው ቀዘቀዘ፣ ሻዩ ቀዘቀዘ፣ እናቴ ሁለት ጊዜ ብቅ ብላ አየችንና ምንም ሳትል ተመለሰች። የስኳሩን ዕቃና ብርጭቆዎቹን ደርድሮ ፉርጎ ከፉርጎ እንዴት እንደሚያያዝ አሳየኝ። ከዚያ ማንኪያ አነሳ። አንዱን ብርጭቆ መታ አደረገው፤ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። ሌላው ጠርዙ ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ነበረችበት፤ እሱንም መታው፤ ድምፁ ወዲያው ታፈነ። «መንኮራኩሩንም እንዲህ ነው የምናውቀው» አለኝ። «ባቡሩ ሲቆም በመዶሻ ትመቺዋለሽ። ጤነኛው እንደ ደወል ይጮኻል። የተሰነጠቀው አይጮኽም። ዓይን የማያየውን ጆሮ ያገኘዋል።» ሁለቱን ብርጭቆዎች ደጋግሞ መታልኝ፣ ልዩነቱን እንድይዘው። እኔ ግን እሱን ነበር የማየው። በሕይወቴ እንደዚያ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ አርብ ማታ የእኛ ነው። የቅዳሜውን ጽሑፍ አነብለታለሁ። መነጽሩን አድርጎ ያዳምጣል፤ ለምን መነጽር እንደሚያስፈልገው አላውቅም፣ እኔ ነኝ የማነበው። ስለ ሌላ ነገር ስጽፍ እንኳን የሆነ ቦታ ላይ ሐዲድ ያገኝበታል። የጻፈባቸውን ወረቀቶች ሁሉ አስቀምጫለሁ። ሰባ አምስት ዓመት ሊሞላው ነው። ባልጽፍ ኖሮ አጠገቡ እየኖርኩ ሳላውቀው ነበር የምቀረው። ይህን ሳስብ አሁንም ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ይይዘኛል።

ሌላው የደቻቱ ነው።

ድሬን ለማታውቋት፤ ደቻቱ ከተማዋን ለሁለት የሚከፍላት ወንዝ ነው። ወዲህ ከዚራ፣ ቀጥ ባሉ መንገዶቿና በዛፎቿ፤ ወዲያ መጋላ፣ በጠባብ ጠባብ መንገዶቹ። ወንዝ ይባል እንጂ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። ሰው ያቋርጠዋል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ችግሩ ዝናቡ እኛ ጋ ባይዘንብም ላይ ተራራው ላይ ከዘነበ ውሃው ወደ እኛ መውረዱ ነው። ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት፣ 1998 ዓ.ም.፣ ሰው ተኝቶ ሳለ ወረደ። ከ250 በላይ ሰው ሞተ። እዚህ ያደገ ሰው ሁሉ የዚያን ሌሊት የራሱ የሆነ ነገር አለው።

እኔም የራሴን ጻፍኩ። ብዙም ሳይቆይ ቀፊራ ቲማቲም ልገዛ ሄድኩ። ሁልጊዜ የምገዛት አንዲት እናት አለች፤ ስሜን እንኳን አታውቅም፣ «እህቴ» ነው የምትለኝ። ቀና ብላ አየችኝና፣ «የደቻቱን የጻፍሽው አንቺ ነሽ አሉ፣ ልጄ አነበበችልኝ» አለች። አዎ አልኳት። ኩርሲዋን ወደ እኔ ገፋ አደረገችና ተቀመጪ አለችኝ። ቲማቲሟን እየለየች፣ የበሰለውን ወደዚህ ጠንካራውን ወደዚያ እያደረገች፣ ቀና ሳትል ነገረችኝ። መሐል ላይ ገዢ ሲመጣ ትመዝናለች፣ መልስ ትሰጣለች፣ ካቆመችበት ትቀጥላለች። የነገረችኝን እዚህ አልጽፈውም፣ የእሷ ነው። ስትጨርስ፣ «እንድትጽፊው አይደለም። አንድ ሰው ይወቅልኝ ብዬ ነው» አለችኝ። ቲማቲሜን መዘነች። ምርቃት አራት ጨመረችልኝ።

ዘንቢሌን ይዤ ወደ ቤት በእግሬ ሄድኩ። ባጃጅ መሳፈር አልቻልኩም።

ስህተትም ሠርቻለሁ፣ ልንገራችሁ። በመጀመሪያዎቹ ወራት አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ቡና ላይ ያጫወቱንን የቤተሰባቸውን ታሪክ ሳልጠይቃቸው ጻፍኩት። ስማቸውን አልጠራሁም፤ ግን ሰፈሩ ማንነታቸውን ለማወቅ ስም አላስፈለገውም። በማግሥቱ በራቸው ላይ ተቀምጠው ሳልፍ ፊታቸውን አዞሩብኝ። ልጅ ሆኜ ሃላዋ በወረቀት ጠቅልለው ይሰጡኝ የነበሩ ሰው ናቸው። ሦስት ቀን እንቅልፍ አልነበረኝም። በአራተኛው ቀን ከእናቴ ጋር ቡናና ስኳር ይዘን ሄድን። እግራቸው ሥር ቁጭ ብዬ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ብዙ ቆይተው፣ «ወላሂ ብትጠይቂኝ እኮ እፈቅድልሽ ነበር» አሉኝ። ከዚያ በላይ የሚያሳፍር ቃል ሰምቼ አላውቅም። ያን ጽሑፍ አነሳሁት። ከዚያ ወዲህ ያልፈቀደልኝን ሰው ታሪክ አልነካም፤ መጠየቅ ስጀምር ደግሞ ሰው ይበልጥ ነገረኝ። ነገ ጠዋት እሳቸው ከነቤተሰባቸው እኛ ጋ ናቸው። የእነሱን ዶሮ ልጃቸው ባርኮ አምጥቶልናል፣ በሌላ ድስት ነው የሚሠራው፤ እናቴ ማንኪያውን እንኳን ለብቻ አድርጋዋለች።

ጂዳ ያለችው አንባቢዬም ትዝ አለችኝ። ገንደ ቆሬ ከእናቷ ቤት በር ላይ የነበረው ኒም ይኑር አይኑር ሄደሽ እይልኝ አለችኝ። ቤቱ ተሸጦ ሌላ ሰው ነው ያለበት። ሄድኩ። ኒሙ አለ፣ ግንዱ ላይ የልብስ ማስጫ ገመድ ታስሮበታል፣ ሥሩ አንዲት ሴት ሳምቡሳ ትጠብሳለች። ፎቶ አንስቼ ላክሁላት። «አቦ!» ብቻ ብላ መለሰችልኝ። የድሬ ልጅ ያቺ አንዲት ቃል ስንት ነገር እንደምትይዝ ያውቃል።

እኔም ራሴ ማየት የጀመርኩት ለቅዳሜ የምጽፈው ስፈልግ ነው። ከሥራ ወደ ሳቢያን የምሄድበትን ባጃጅ ስንት ዓመት ተሳፍሬበታለሁ፤ ሾፌሩ በስልክ በሶማሊኛ፣ ከጎኑ ካለው ጋር በኦሮምኛ፣ ከእኔ ጋር ደግሞ በአማርኛ እንደሚያወራ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያልፍ ትንፋሽ እንኳን እንደማይወስድ ልብ ያልኩት ግን በቅርቡ ነው። ያደግሁበት ነገር ስለሆነ አይታየኝም ነበር።

እንግዲህ ይህ ሁሉ የእናንተ ስጦታ ነው። ባታነቡኝ ኖሮ አባቴ የሚያርመው ወረቀት አይኖርም ነበር፣ የቀፊራዋ እናትም ኩርሲዋን አትገፋልኝም ነበር። አመሰግናችኋለሁ፣ ከልቤ። ያዘነ ካለ መካከላችሁ እግዚአብሔር ያጽናው። ርቃችሁ ያላችሁ በሰላም ለአገራችሁ ያብቃችሁ።

ይህን ጽሑፍ አሁን ኒሟ ሥር ለአባቴ አነበብኩለት። ስለ ብርጭቆዎቹ ያልኩት ቦታ ላይ ዝም አለ። ሲያልቅ እስክሪብቶውን አወጣ፤ ግን የሚያርመው አላገኘም። «አንድ ነገር ጨምሪበት» አለኝ። «ሸመንደፈር አብረን የሠራን ልጆች ብዙዎቹ አዲስ አበባም ጂቡቲም ተበትነው ነው ያሉት። ልጆቻቸው ያነቡላቸው ይሆናል። መልካም ገና ብሏችኋል በያቸው።»

መልካም ገና ብሏችኋል።