የአራተኛው ጠረጴዛ ጥፋት፦ የብሪጅ ክለብ ዜና ጸሐፊ ሆኜ የተማርኩት

ሥራው እንዴት እጄ ላይ እንደወደቀ ልንገራችሁ። የክለባችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ አምስት ደቂቃ አርፍጄ ደረስኩ። ስገባ ሁሉም ዞር ብሎ አየኝና ሳቀ። ለካ በሌለሁበት የክለቡ ዜና ጸሐፊ ሆኜ ተመርጫለሁ። ያረፈደ ሰው ሥራ ይሸከማል፤ ያልተጻፈ ሕግ ነው።

ሥራው ቀላል ይመስል ነበር። በሳምንት አንድ ቀን እንጫወታለን። በማግስቱ አንድ ገጽ ዜና ጽፌ የአባላቱ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ እለቃለሁ፤ አንድ ቅጂ አትሜ የአዳራሹ በር ላይ እለጥፋለሁ። ማን አንደኛ ወጣ፣ ማን ሁለተኛ፣ ማን ሦስተኛ፣ የሚቀጥለው ጨዋታ መቼ ነው። በቃ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት እንዲህ ነው የጻፍኩት።

ማንም አላነበበውም። እንዴት አወቅህ ትሉኝ ይሆናል። አንድ ሳምንት ላይ የሚቀጥለውን ጨዋታ ቀን ረቡዕ ለማለት ሐሙስ ብዬ ጻፍኩ። አንድም ሰው አልጠየቀኝም። አንድም ሰው ሐሙስ አልመጣም። ሁሉም እንደልማዱ ረቡዕ መጥቶ ቁጭ አለ።

ብሪጅን ለማታውቁ ባጭሩ ላስረዳ። አራት ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው፣ አጋር ከአጋሩ ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚጫወቱት የካርታ ጨዋታ ነው። 52ቱ ካርታ ይታደላል፤ ለእያንዳንዱ 13 ይደርሰዋል። መጀመሪያ ጨረታ አለ፤ «እኛ ይህን ያህል እንሰበስባለን» ብሎ ቃል መግባት ነው። ከዚያ አራቱም አንድ አንድ ካርታ ይጥላሉ፤ ያሸነፈው አራቱንም ይሰበስባል። ይህ አንድ ትሪክ ይባላል። በጠቅላላው 13 ትሪክ አለ። ጨረታውን ካሸነፉት ጥንድ አንዱ ካርታውን ገልጦ ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋና እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። እሱ ደሚ ነው። አጋሩ የሁለቱንም ካርታ ይጫወታል።

የክለብ ብሪጅ ደግሞ ዕድልን የሚያሳንስበት ዘዴ አለው። አንዴ የታደለ ካርታ መልሶ አይበወዝም። አራት ኪስ ባለው ቦርድ ውስጥ እንደታደለ ተመልሶ ወደ ሌላው ጠረጴዛ ይሄዳል። ሰባት ጠረጴዛ ካለ ያው ካርታ ሰባት ጊዜ ይጫወታሉ። ስለዚህ «ካርታው ከፋብኝ» የሚል ምክንያት አይሠራም፤ ያንኑ ክፉ ካርታ ሌሎች ስድስት ሰዎችም ይዘውታል። ነጥብ የሚሰጠውም ከእነሱ ጋር ተነጻጽሮ ነው። ለበለጥከው ጥንድ 2፣ እኩል ለሆንከው 1፣ ለበለጠህ 0። በሰባት ጠረጴዛ በአንድ ቦርድ ላይ ትልቁ ነጥብ 12 ይሆናል ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ያወራሁት ጥፋቴ የመጣው ከዚሁ ስለሆነ ነው። ሁሉም ያንኑ ካርታ ስለተጫወተ፣ የት ጠረጴዛ ላይ ምን እንደተደረገ ሁሉም ያውቃል። ስም ባትጽፍም ስም ጽፈሃል።

በሦስተኛው ወር ዜናውን ላጣፍጠው ብዬ «የሳምንቱ ካርታ» የሚል ዓምድ ጀመርኩ። የመረጥኩት ካርታ እንዲህ ነበር። ቃል የተገባው 3 ኖትራምፕ ነው፤ ያለ ትራምፕ፣ ማለትም ሌሎቹን ሁሉ የሚበልጥ የካርታ ዓይነት ሳይኖር፣ 9 ትሪክ መሰብሰብ ግዴታ ነው። ጨዋታውን የያዘው ሰው እጅ ላይ የስፔድ ንጉሥና አንዲት ትንሽ ስፔድ፣ የዳይመንድ አስና ንጉሥ፣ የልብ አስ፣ የአበባ አስ አሉ። የቀሩት የማይረቡ ናቸው። ደሚው ላይ የስፔድ አስ ከሁለት ትናንሾች ጋር፣ ከዚያም አምስት ዳይመንድ፣ ከንግሥት እስከ 8 በተርታ። ሌላ የረባ ነገር የለም። በምዕራብ የተቀመጠው ተጫዋች የስፔድ ንግሥት ጥሎ ይጀምራል።

እንቁጠር። ስፔድ 2፣ ዳይመንድ 5፣ ልብ 1፣ አበባ 1። ልክ 9። የተበላ ነገር ይመስላል። ግን እጅ ሳያስብ ወደ ደሚው አስ ይሄዳል። አስ ፊት ለፊት ተዘርግቶ ሲታይ ማንሳት ደስ ይላል። እሱን አነሱ ማለት አለቀ። የዳይመንድ አስና ንጉሥ ከእጅ ይወጣሉ፤ የቀሩት ሦስት ዳይመንዶች ደሚው ላይ ተቀምጠው ያዩሃል። ወደ እነሱ የሚያሻግር ድልድይ የለም። ድልድዩ ያ የስፔድ አስ ነበር። 9 የነበረው 6 ሆኖ ያርፋል። መፍትሔው የመጀመሪያውን ትሪክ በእጅ ባለው ንጉሥ መውሰድ፣ ሁለቱን ዳይመንዶች መጫወት፣ ከዚያ በትንሿ ስፔድ ወደ አሱ መሻገር ነው።

ካርታው ግሩም ነው፤ አሁንም ለጀማሪ የማሳየው እሱን ነው። ችግሩ ከሥሩ የጻፍኳት ዓረፍተ ነገር ናት፦ «አራተኛው ጠረጴዛ ላይ ጨዋታው ገና በመጀመሪያዋ ካርታ ተሸኘ።» ቀልድ መስሎኝ ነበር።

አራተኛው ጠረጴዛ ላይ ያንን ካርታ የያዙት አንድ ትልቅ ሴት ናቸው። እኔ ካርታ መያዝ ሳልችል ጀምሮ የሚጫወቱ። በሚቀጥለው ረቡዕ አልመጡም። አጋራቸውም ያለ እሳቸው ስለማይጫወቱ አልመጡም። 14 የነበርነው ጥንድ 13 ሆንን። ይህ በቁጥር ሲያዩት ትንሽ ነገር ነው። ጨዋታው ላይ ግን ግማሽ ጠረጴዛ ይፈጠራል፤ በየዙሩ አንድ ጥንድ ተጋጣሚ አጥቶ ቁጭ ይላል። በዙር ሦስት ቦርድ፣ ለአንዱ ቦርድ ሰባት ደቂቃ ብንል ከ20 ደቂቃ በላይ ግድግዳ ማየት ነው። የእኔን አንድ መስመር ቀልድ አዳራሹ በሙሉ በየተራ ከፈለባት።

በሦስተኛው ሳምንት ደወልኩላቸው። ይቅርታ ጠየቅሁ። ዝም ብለው ሰሙኝና፣ «ልጄ፣ ካርታ ስሳሳት የመጀመሪያዬ አይደለም፤ በር ላይ ስለጠፍ ግን የመጀመሪያዬ ነው» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። እስካሁንም የለኝም።

ከዚያ በኋላ ዓምዱን ልተወው አስቤ ነበር። ግን ሰው የሚያነበው እሱን ብቻ እንደሆነ አይቻለሁ፤ ያቺን ዜና ያላነበበ ሰው አልነበረም። ስለዚህ አጻጻፉን ቀየርኩ። ካርታውን አወጣለሁ፤ ጠረጴዛውንና ውጤቱን አላነሳም። ጥያቄ እጠይቅና እተወዋለሁ፦ «የመጀመሪያውን ትሪክ በየትኛው ትወስዳላችሁ?» መልሱ በሚቀጥለው ሳምንት። ለውጡ አስገረመኝ። ሰዎች ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ቀድመው እየመጡ መከራከር ጀመሩ። ተሳስቶ የነበረው ሰው ራሱ በጥያቄው ይከራከራል፤ ማንም ጣት አይቀስርበትም።

በስም የሚጻፍ ስህተት ካስፈለገ የራሴን እጽፋለሁ። አቅርቦት እንደሆነ አያልቅብኝም። ለምሳሌ አንድ ቀን ልብ ተጥሎ ሳለ «ልብ የለኝም» ብዬ ሌላ ካርታ ጣልኩ። ከሁለት ትሪክ በኋላ አንዲት የልብ 4 ከዳይመንዶቹ መሃል ብቅ አለች። ቀይ ከቀይ ጋር ተደብቆ። ዳኛ ተጠራ፣ ትሪክ ተቀጣን፣ አጋሬ እስከ ማታ አላናገረኝም። ይህን በዝርዝር ጻፍኩት። በዚያ ሳምንት «እኔም እኮ አንዴ...» እያሉ የነገሩኝ ሰዎች ብዛት አይጣል ነው። ምክሬም ከዚያው የወጣ ነው፦ ካርታችሁን ስትደረድሩ ቀይና ጥቁር እያፈራረቃችሁ ያዙ።

ሁለተኛው ትልቅ ስህተቴ የቁጥር ነው። ያኔ የውጤት ወረቀቶቹን ወደ ኮምፒውተር የማስገባውም እኔው ነበርኩ። አንድ ምሽት ሰሜንና ደቡብ የተቀመጡት ጥንድ የሠሩትን 3 ኖትራምፕ ምሥራቅና ምዕራብ ለተቀመጡት ተጋጣሚዎቻቸው አድርጌ መዘገብኩ። ያንን ኮንትራት፣ ማለትም በጨረታ የተገባውን ቃል፣ የሠራው ያ አንድ ጥንድ ብቻ ስለነበር የሚገባቸው 12 ነጥብ ነው። 0 ሆነ። ሌሎቹ ስድስት ጥንዶች ደግሞ እያንዳንዳቸው ያልሠሩበትን 2 ነጥብ ወሰዱ። የዚያን ምሽት 21 ቦርድ ተጫውተናል፤ ሙሉው 252 ነው። 12 ነጥብ ወደ 5 በመቶ ይጠጋል። ለአንደኝነት ከበቂ በላይ ነው። እኔ ደግሞ በጠዋቱ ላልሆኑት አሸናፊዎች «እንኳን ደስ ያላችሁ» ብዬ ለቅቄያለሁ፤ በሦስት የአበባ ምስል አጅቤ።

ያወቀብኝ ውጤቱን በራሱ ወረቀት ላይ የሚይዝ አንድ ዝምተኛ ሰው ነው። የወረቀቱን ፎቶ ላከልኝ፣ ሌላ ቃል የለውም። በሕጉ መሠረት ክለቡ ሌላ ካልወሰነ በቀር ውጤት ይፋ ከሆነ በኋላ ማረሚያው ጊዜ 30 ደቂቃ ነው። ያ ካለፈ ሰዓታት አልፈዋል። ደግነቱ ስህተቱ ጥርጥር ስላልነበረው ኮሚቴውም ዳኛውም ተስማምተው ታረመ። ደስ የተሰኙትን ሰዎች ደስታ መልሶ የመቀበሉ ሥራ ግን የኔ ነበር። አይመከርም።

አሁን ውጤቱ በዚያው ምሽት ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ ሰው ኮቱን እየለበሰም ቢሆን ያየዋል፣ ዜናው የሚወጣው በማግስቱ ነው። ከመልቀቄ በፊት ደግሞ አንድ ነገር አያለሁ፦ ስድስት ጠረጴዛ ወደ አንድ ወገን ሄዶ አንዱ ብቻ ወደ ሌላ የሄደበት ቦርድ ካለ፣ ስልክ እደውላለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ነው። አንዳንዴ ግን አይደለም።

ከዜናው ሁሉ የበለጠ የሠራው ትንሹ ክፍል ሳይሆን አይቀርም፦ «አጋር የሚፈልጉ»። ብሪጅ ብቻህን መጥተህ የምትጫወተው ጨዋታ አይደለም። አጋርህ ጉንፋን ከያዘው አንተም ቤት ትቀራለህ። ሁለት ሳምንት ከቀረህ ሦስተኛውም ይለመዳል። ስለዚህ በየሳምንቱ እስከ ማክሰኞ ማታ አጋር ያጣ ሰው ስሙን ይሰጠኛል፤ አገናኛለሁ። አሁን ደግሞ አባላት በተራ «ጠባቂ» ይሆናሉ፤ ብቻውን የመጣ ካለ አብሮት ይጫወታል፣ ከሌለ ወደ ቤቱ ይመለሳል። መጀመሪያ «ማን ይስማማል?» ብዬ ነበር። አሁን ተራው የሚደርሰው ሰው ነው ቀኑን የሚያስታውሰኝ።

ጀማሪዎችን በተመለከተ ብዙ አልልም። አንድ ጠረጴዛ ለሚኒብሪጅ ሰጠን። ጨረታ የለውም፤ ሁሉም የካርታውን ነጥብ ቆጥሮ ይናገራል፣ አስ 4፣ ንጉሥ 3፣ ንግሥት 2፣ ጃክ 1፤ ብዙ ነጥብ ያለው ወገን ይጫወታል። ከእነሱ የምጽፈው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ዛሬ ምን ተማሩ። ውጤታቸውን አልነካም።

ዜና ባጣሁበት ሳምንት ታሪክ ልጻፍ ብዬ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1925 ሃሮልድ ቫንደርቢልት የተባለ አሜሪካዊ ባለጸጋ ከሎስ አንጀለስ በፓናማ ቦይ በኩል ወደ ሃቫና በሚሄድ መርከብ ላይ ሆኖ የዛሬውን ኮንትራት ብሪጅ ነጥብ አሰጣጥ ከጓደኞቹ ጋር እንደሞከረ፣ አንድ ሰው ሊደርሱት የሚችሉት የ13 ካርታ ዓይነቶች 635,013,559,600 እንደሆኑ። በኩራት ለቀቅሁት። አንድ ሰው ብቻ መለሰ፤ «ይህን ካርታ ግን ባለፈው ዓመት ይዤዋለሁ» ብሎ። በዚያው ገጽ ግርጌ «ሁለተኛው ጠረጴዛ ላይ መነጽር ተረስቷል» የሚል መስመር ነበር። እሱ 11 መልስ መጣለት።

ትልቋ ሴት ከአንድ ወር በኋላ ተመለሱ። አጋራቸው ናቸው ጎትተው ያመጧቸው። ለብዙ ሳምንት ሰላም ከማለት በቀር አላናገሩኝም፤ የበሩን ወረቀት ግን መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ሲያነቡ አይቻለሁ። ባለፈው ረቡዕ ጨዋታው እንዳለቀ ወደኔ መጥተው የተጣጠፈ ወረቀት ሰጡኝ። አንድ ካርታ ተጽፎበታል፣ በእጃቸው፣ አራቱም አቅጣጫ። በጨረታ 4 ስፔድ ብለው ቃል ገብተው አንድ ትሪክ ጎድሏቸዋል።

«ይህን ጻፈው። በስሜ» አሉኝ።

ማታውኑ ጽፌ፣ ከመልቀቄ በፊት ላክሁላቸው። ከደቂቃዎች በኋላ ደወሉ። የአበባ 9ኟ እሳቸው ጋ ሳይሆን ደሚው ላይ ነበረች፤ እንዳርም።