ቻል ቻል የሚለው የህንድ ፊልም

ልጅ ሆኜ ደሴ ውስጥ አንድ የህንድ ፊልም አይቼ ተንሰቅስቄ አልቅሻለሁ። ርዕሱን የሚያውቅ አልነበረም፤ ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ «የዝሆኑ ፊልም» ነው። ዘንድሮ፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ አገኘሁት። እንደኔ የልጅነት ፊልሙ የጠፋበት ካለ፣ እኔ የዞርኩትን ዙሪያ እንዳይዞር እንዴት እንዳገኘሁት ልንገረው።

መጀመሪያ ስለ ቪዲዮ ቤቱ። ጭቃ ቤት ነው፣ መስኮቱ በብርድ ልብስ የተጋረደ። አግዳሚው ከሞላ መሬት ቁጭ ነው። ከቆርቆሮው የሚስማር ቀዳዳ የምትገባ ጨረር ቴሌቪዥኑ ላይ ስለምታርፍ ፊት ያለው ሁሉ ግንባሩ ላይ ነጭ ነጥብ ነበረው። ካሴቱ ሲንቀጠቀጥ ባለቤቱ ማጫወቻውን በጥፊ ይለዋል። ሂንዲ የሚያውቅ የለም፤ አንድ ጎረምሳ ከኋላ ቆሞ «ይተረጉማል»፣ ማለትም ይፈጥራል። መግቢያው ሃምሳ ሳንቲም። እኔና ታላቅ ወንድሜ የከፈልነው እማዬ ለላምባ ከሰጠችን ገንዘብ ላይ ነው።

የቪዲዮ ቤት ሕግ የታወቀ ነው፤ አክተር አይሞትም። ለኔ አክተሩ ዝሆኑ ነበር። ሞተ።

ፍለጋዬ ገና ሲጀመር ነው የተበላሸው። ሰውየው አሚታብ ባቻን ነው ብዬ ደምድሜ ነበር፤ ያኔ ረጅምም ይሁን አጭር ህንዳዊ ሁሉ አሚታብ ነው። የአሚታብን ፊልሞች አንድ በአንድ ስለቅም ስንት ቅዳሜ አለፈ። ሌላው ጥፋቴ ታሪኩን ማመኔ ነው። «ሚስትየዋ ዝሆኑን የገደለችበት ፊልም» እያልኩ ነበር የምጠይቀው። አንድም የህንድ ፊልም አያመልጠኝም የሚል የሥራ ባልደረባዬ «እንዲህ ያለ ፊልም የለም» አለኝ፤ ልክ ነበር። ዜማውን ስልኬ ላይ ለጉግል አንጎራጎርኩለት። የሰርግ ዘፈን አመጣልኝ። ድምፄን ለሚያውቅ አይገርምም።

በመጨረሻ ወንድሜ ጋ ደወልኩ። «ቻል ቻል የሚለውን ነው?» አለኝ።

ሰውየው ዝሆኑን መኪና እያስጎተተ የሚዘፍነው ዘፈን አለ። «ቻል ቻል ቻል» ይላል፤ እኛ በአማርኛ ነበር የሰማነው፦ ቻለው፣ ታገሥ፣ አይዞህ። ማታ እማዬ በላምባው ጉዳይ ስትገርፈን ወንድሜ በለቅሶው መሃል እሱኑ ይዘፍንልኝ ነበር። በላቲን ፊደል «ቻል ቻል ሃቲ» ብዬ፣ ጆሮዬ ላይ እንደቀረው ጻፍኩ። ወዲያው ድቅን አለ፦ «ሃቲ ሜሬ ሳቲ»፣ እ.ኤ.አ. 1971። አክተሩ ራጄሽ ካና፣ ሴቷ ታኑጃ፣ ዘፋኙ ኪሾር ኩማር። የዝሆኑ ስም የመሰለን «ሃቲ» ዝሆን ማለት ነው፤ ስሙስ ራሙ ነው። «ቻል»ም «ሂድ» ኖሯል። ዓይኔም ታሪኩም ሲዋሹኝ ኖረው፣ እውነቱን የያዘው ትርጉሙን የሳተው ጆሮዬ ነው። ስለዚህ ስትፈልጉ ከምታስታውሱት ታሪክ በፊት የሰማችሁትን ድምፅ ጻፉ፣ ትርጉም ባይኖረውም። ደግሞ ዓመተ ምሕረቱን አረጋግጡ፤ በዚሁ ስም በቅርቡ የተሠራ ሌላ ፊልም አለ፤ እኔ ሃያ ደቂቃ አይቼበታለሁ።

መጀመሪያው ጭራሽ አዲስ ሆነብኝ፤ ያኔ ዘግይተን ነበራ የገባነው። ወላጅ አልባውን ልጅ ዝሆኖቹ ከነብር አፍ እንዳዳኑት፣ ጎዳና ላይ ከነሱ ጋር ትርኢት እያሳየ እንዳደገ አሁን ገና አወቅሁ። ሚስትየዋም አልገደለችም። ራሙን የጨረሰው ወንበዴው ነው። እሷን ገዳይ ያደረጋት ወይ ጎረምሳው ነው ወይ እኔ። የሷ ጥፋት «ወይ ዝሆኖቹን ወይ እኔንና ልጅህን ምረጥ» ማለቷ ብቻ ነው። ልጅ ሆኜ እንዴት ጠልቻት ነበር! አሁን ቤቴ ውስጥ የምትድህ ልጅ አለችኝ፤ አልጋዋ አጠገብ ዝሆን ቢቆም ሻንጣ ለመያዝ እኔም አልዘገይም። ባልየው ዝሆኖቹን ሲመርጥ ስልኩን ልወረውረው ምንም አልቀረኝ።

የመሐመድ ራፊ የሐዘን ዘፈን ሲጀምር ግን ያው አለቀስኩ። ለጉግል ያንጎራጎርኩለትም እሱኑ ነበር።

በማግሥቱ ሊንኩን ለወንድሜ ላክሁለት። እስከ ማታ መልስ የለም። ከዚያ ደወለ፤ አፍንጫው እንደተዘጋ ሰው ነው የሚያወራው።

«ጉንፋን ነው?» አልኩት።

«ዝም በል። ይልቅ የእማዬን አንድ ብር መልሰሃል?»